ሞታለች የተባለችው አክስት

ከልጅነቷ ሰባቱን ዓመት ያሳለፈችው በአንዲት ጓዳ ውስጥ ነው። ጓዳዋ መስኮት አልነበራትም። የእንጨት በሯ ላይ ግን የጣት ውፍረት ያላት አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ በዚያች ትገባና ወለሉ ላይ ድቡልቡል ሆና ትቀመጣለች። ከዚያ እስከ ቀትር ድረስ ቀስ እያለች ወደ ማዕዘኑ ትሄዳለች። ልጅቱ እግሯን ሰብስባ ትሸሻታለች፤ ሌላ ልጅ እባብ እንደሚሸሸው። አንድ ቀን እንቅልፍ አሸንፏት ያች ክብ ብርሃን ክንዷ ላይ አረፈች። ያን ዕለት ምንም አልሆነችም። በማግስቱ ግን ቆዳዋ የፈላ ውኃ እንደ ነካው ቀልቶ አበጠ፤ ሲሽርም ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ሻረ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ክብ ነው።

አባቷ ግንበኛ ነበር። ሦስት ልጆች ወለደ። የመጀመሪያው ወንድ፣ ሁለተኛዋ እሷ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወንድ። ሁለቱ ታላላቆች ገና ዳዴ ሳይሉ ፊታቸው ጠቃጠቆ በጠቃጠቆ ሆነ፤ ቆዳቸው እንደ ሽማግሌ ቆዳ ደረቀ፤ ዐይናቸው ብርሃን አልችል አለ። ሦስተኛው ግን የተላጠ እንቁላል መሰለ። ጎረቤት የመሰለውን አወራ። አንዱ እርግማን ነው አለ፣ ሌላው እናትየዋ በእርግዝናዋ በእሳት ደንግጣ ነው አለ። ልጆች ደግሞ አጭሩን መረጡና «የሌሊት ወፎች» ብለው ጠሯቸው።

አባትየው ወንዱን ልጁን ይወደው ነበር። «ወንድ ልጅ ፀሐይ ይልመድ፤ ፀሐይ ያጠነክረዋል» እያለ ከድንጋይና ከአሸዋ መሀል ይዞት ይውላል። ሴቲቱን ግን አፈረባት። «ይህን ፊት አይቶ ነገ ከዚህ ቤት ማን ይጋባል?» አለና ጓዳ አስገባት። እንግዲህ የተወደደው ፀሐይ ላይ ዋለ፤ የታፈረባት ጨለማ ውስጥ ቀረች።

ታላቅ ወንድሟ ከሥራ ቦታ ባልሄደባቸው ቀናት በሩ ሥር ተቀምጦ ያጫውታታል። ብርሃኗ ስታስቸግራት፣ «ወንድምዬ፣ መጣችብኝ!» ትለዋለች። እሱም ጣቱን በቀዳዳዋ ይሰካል። ጓዳው ድቅድቅ ይላል። ጣቱ እስኪዝል እንዲያ ይቀመጥላታል፤ ጀርባው ግን ፀሐይ ላይ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ከንፈሩ ላይ የማይድን ቁስል ወጣ። ከዚያ ዐይኑ ላይ። ቁስሉ መጀመሪያ ዐይኑን ወሰደ፣ ቆይቶም እሱን ራሱን ወሰደው። የቀብሩ ዕለት ማንም ጓዳውን አልከፈተም። ውጭ ሲለቀስ ሰማች፣ እግር ሲበዛ ሰማች። ብርሃኗ እንደ ልማዷ ገባች፣ ወለሉን አቋርጣ ማዕዘኑ ድረስ ሄደች፤ የሚደፍናት አልነበረም።

አባትየው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሞት እናትየዋ በሩን ከፈተች። ልጅቱም ወጣች፤ ግን የወጣችው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነበር። እግሯ ሌላ መውጫ ሰዓት አያውቅም።

እናትየዋ በአንድ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። የራጅ ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም «ባለራጁ» የሚሉት ረጅም ሰው፣ ፊልም የሚያጥብለት ሠራተኛ አልበረክት ብሎት ተቸግሮ ነበር። ፊልም የሚታጠበው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው፤ አንዲት ቀይ አምፖል ብቻ ትበራለች፤ የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል። አንዱ በሳምንቱ ሄደ። ሌላው «እኔ ገና ሳልሞት መቃብር አልገባም» ብሎ በሁለተኛው ቀን ቀረ።

«ጨለማ የማትፈራ ልጅ አለችኝ» አለችው እናትየዋ።

«ጨለማ የማይፈራ ሰው የለም፣ እናቴ።»

«የኔዋ የምትፈራው ብርሃን ነው።»

ባለራጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ልጅቱ መጣች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሠራች።

ሥራው እንዲህ ነበር። በራጅ ክፍሉና በጨለማው ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ ሁለት መዝጊያ ያላት የብረት ሳጥን አለች፤ አንዱ መዝጊያ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም፣ ብርሃን ሾልኮ ፊልሙን እንዳያበላሸው። ባለራጁ የተነሣውን ፊልም በዚያ ያስገባና ሁለቴ ያንኳኳል። እሷ ትቀበላለች፣ በብረት ማንጠልጠያ ትወጥረዋለች፣ የመጀመሪያው ገንዳ ውስጥ ትነክረዋለች። ሰዓት አታይም፤ ትቆጥራለች። ቀስ በቀስ በቀዩ ብርሃን ውስጥ ከባዶው ፊልም ላይ የጎድን አጥንት ይወጣል፣ ቀጥሎ ልብ፣ ቀጥሎ አከርካሪ። ውኃ ውስጥ ታለቀልቀዋለች፣ ምስሉን ወደሚያጸናው ገንዳ ታሻግረዋለች፣ በመጨረሻ አጥባ ማድረቂያው ላይ ትሰቅለዋለች። ጥፍሮቿ ቡናማ ሆነው ቀሩ።

የሰው ፊት አታይም። በዚያ ሆስፒታል ያለፈውን ሕዝብ ሁሉ የምታውቀው በአጥንቱና በድምፁ ነው። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ማዶ የባለራጁ ድምፅ ይሰማል፦ «አትተንፍሱ... ተንፍሱ። አትተንፍሱ... ተንፍሱ።» ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር አስተዋለች፤ «አትተንፍሱ» ባለ ቁጥር እሷም ትንፋሿን ትይዛለች። አንዳንዴ ባለራጁ «ተንፍሱ» ማለቱን ይረሳል። ደረቷ እስኪያቃጥላት ጨለማው ውስጥ ቆማ ትጠብቀዋለች።

የሆስፒታሉ ሰው ጥላዬ ይላታል፤ ሁልጊዜ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ ስለምትሄድ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ለነገር የማይተኛ ሰው፣ «ጥላዬ፣ አንቺን ያገባ ሰው መብራት አይከፍልም!» ይላታል። እሷም «አንተን ያገባች ደግሞ ሬዲዮ አትገዛም» ትለዋለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ስትወጣ የቆዳ ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻት። በዕድሜ የገፋች፣ ቁጥብ ሴት ናት። ሻሿን በአንድ ጣት ወደ ታች ሳበችና አፍንጫዋ ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት አየች።

«ይቺ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሽ ቆየች፣ ዶክተር።»

«ነገ ትወጣለች። አሁን ግን ቁጭ በይ። ማንም ነግሮሽ አያውቅም፣ አይደል?»

ያን ምሽት የሰማችውን ቃል በቃል ይዛዋለች። ሐኪሟ እንዲህ አለቻት። «ፀሐይ የምትሰብረው አንቺን ብቻ አይደለም። ሰውን ሁሉ ትሰብራለች፣ በየቀኑ። በእያንዳንዷ የገላ ቅንጣት ውስጥ እንደ ክር የረዘመ ነገር አለ፤ ዲ ኤን ኤ ይባላል። ገላ ራሱን የሚሠራበት መመሪያ የተጻፈው እሱ ላይ ነው። ብርሃን ይህን ክር ያጣምመዋል። ግን የሰው ሁሉ ገላ የራሱ ወጌሻ አለው። እየዞረ ስብራቱን ይፈልጋል፣ ይቆርጣል፣ ይጠግናል። እኔ ዛሬ ከቤት እዚህ እስክመጣ ስንት ሺህ ቦታ ተሰብሬ ስንት ሺህ ቦታ ተጠግኛለሁ። አላውቀውም፤ አላመመኝም። አንቺ ወጌሻ ሳይኖርሽ ነው የተወለድሽው። ስብራቱ እንደ ተሰበረ ይቀራል። ይጠራቀማል። አንድ ቀን ከተሰበሩት አንዷ ቅንጣት ትእዛዝ መስማት ትተውና ብቻዋን ትባዛለች። ካንሰር የምንለው እሱን ነው።»

«ከእናቴ ነው ከአባቴ?»

«ከሁለቱም። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ሰው አይታመምም፤ ጉድለቱን ተሸክሞ ይኖራል፣ ሳያውቀው ይሞታል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ከተጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕጣ አለ። ዕጣ ደግሞ ትናንት ማንን እንደ ነካ አያስታውስም፤ ለዚህ ነው ከሦስት ልጅ ሁለታችሁን ያገኘው።»

«ትንሹ ወንድሜ ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ ይሁን እንጂ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ሚስት ከማግባቱ በፊት ንገሪው። የሚያገባት ምናልባት ከእናንተው አካባቢ ትሆናለች፤ እሷም ይህንኑ ተሸክማ ሊሆን ይችላል።» ከዚያ ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «በነገራችን ላይ፣ አንቺ እስካሁን በሕይወት መኖርሽ ራሱ ይገርማል። ልጅ ሆነሽ የት ነበር የምትውይው?»

«ጓዳ ውስጥ።»

«ማን ነው ያስገባሽ?»

«ያፈረብኝ ሰው» አለች።

ለትንሹ ወንድሟ ልትነግረው ቆርጣ ነበር። የአውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ነበርና ሲመላለስ አልፎ አልፎ ይጠይቃታል። ነገሩ የተበላሸው ግን እሷ ሳትጀምር እሱ በመጀመሩ ነው። አንድ እሑድ መጣና በጨለማው ክፍል በር ላይ ቆሞ የአውቶቡሱን ቁልፍ በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«እትዬ፣ ላገባ ነው።»

«እሰይ! የማን ልጅ ናት?»

«አትቆጪኝም?»

«ለምን እቆጣለሁ?»

«እኔ እኮ... ቤተሰቦቿ ስለ ዘመድ ሲጠይቁኝ፣ እህት ነበረችኝ፣ ሞታለች ብያቸዋለሁ።»

ማንጠልጠያውን አስቀመጠች። «መቼ ሞትኩ?»

«በልጅነትሽ።»

«በምን?»

«በኩፍኝ።»

«ደህና መርጠሃል» አለችው። «ኩፍኝ ንጹሕ በሽታ ነው።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እሷ ደግሞ ሐኪሟ የነገረቻትን ነገር ሁሉ በአፏ ይዛ ነበር። ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። የሞተ ሰው ምክር አይሰጥም ብላ በልቧ ዘጋችው። «እግዜር ይባርክላችሁ» አለችና በሩን ገጠመች። ወንድሟም ከዚያ ወዲያ አልመጣም፤ አራት ዓመት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ከግድግዳው ማዶ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማች። በሥራዋ ስንት የሕፃን ልቅሶ ሰምታለች፤ የረሃቡን፣ የፍርሃቱን፣ የመርፌውን ለይታ ታውቃለች። ይሄኛው ሌላ ነበር። ጉሮሮው ውስጥ የሚሰነጠቅ፣ ከላይ የሆነ ነገር እንደ ተደፋበት ሰው።

«ኧረ እሹሩሩ የኔ እናት! ምን ሆነችብኝ ዛሬ?» አለ የወንድ ድምፅ።

እጇ ላይ የነበረው ፊልም ወደቀ። ድምፁ የወንድሟ ነው።

«ያን መጋረጃ እስቲ ሳብልኝ» አለ ባለራጁ፣ «ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ናት።»

የመጋረጃው ቀለበት ሲንሸራተት ተሰማ። ልቅሶውም ወዲያው ጸጥ አለ።

«ጎበዝ! በል ያዛት። አጥብቀህ ያዝ፣ እንዳትንቀሳቀስ። አለቀ። አሁን ክፈተው።»

መጋረጃው ተከፈተ፤ ሕፃኗ ጮኸች። ጥላዬ ጨለማው ውስጥ ቆማ በግድግዳው በኩል ነገሩን ቆጠረችው። ሲዘጋ ዝም፣ ሲከፈት ጩኸት። ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ «ተንፍሱ» የሚላት አልነበረም።

ሳጥኗ ሁለቴ ተንኳኳች። ፊልሙን ነከረችው። በቀዩ ብርሃን ውስጥ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቀጠኑ ጎድኖች ወጡ። ከግራና ከቀኝ ደግሞ ሕፃኗን የያዙት የትልቅ ሰው እጆች አጥንት ወጣ። የቀኙ ትንሽ ጣት ጠማማ ነበረች። ወንድሟ በስድስት ዓመቱ ከአጥር ላይ ወድቆ የሰበራት ጣት ናት፤ ያን ሌሊት ጓዳ ውስጥ ይዛለት ያደረች እሷ ናት። ሥጋውን አራት ዓመት ሳታይ አጥንቱ መጣላት።

ካርድ ክፍል ሄደች። «የአሁኗ ሕፃን ቤት የት ነው?»

«ጥላዬ! ደግሞ ጥየቃ ጀመርሽ?»

«ቀልድህን ለነገ አስቀምጥልኝ፤ ዛሬ ንገረኝ» አለችው። ፊቷን አይቶ ነገራት። ሕፃኗ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር እንደ ቀራት፣ በሳል እንደ መጣች ጭምር ነገራት።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቃ ሄደች። ቤቱ ሁለት ደረጃና ጠባብ በረንዳ አለው። በረንዳው ላይ ትንሽ ምንጣፍ፣ አጠገቡም የዘይት ጠርሙስ ተቀምጧል። ምን እንደ ሆነ ገባት። በየጠዋቱ ሕፃኗን ዘይት ቀብተው እዚህ ያሞቋታል። እንድትጠነክር።

አንኳኳች።

«ማነው?» አለ የአሮጊት ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማለት ማን? እኔማ እኔም ነኝ!»

«የሕፃኗ አክስት ነኝ፤ በአባቷ በኩል።»

በሩ ትንሽ ተከፈተ። ወፍራም፣ ጉንጫም አሮጊት ብቅ አለች፤ የወንድሟ አማት ናት። ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ሻሹን፣ ጓንቱን፣ ዐይን ብቻ የቀረውን ፊት። «ተሳስተሻል፣ እህቴ። በአባቷ በኩል አክስት የላትም። በልጅነቷ ሞታለች።»

«አዎ፣ እማማ። እሷ ነኝ።»

አሮጊቷ በሩን ለመዝጋትም ለመሮጥም ሞከረች፤ ሁለቱም በአንዴ አልሆነላትም። «ኧረ ጉድ! ኧረ ሙት መጥቶብኛል ሰዎች!» ብላ ጮኸች።

ወንድሟ የበላበትን እጁን ሳይታጠብ ከጠረጴዛው ተነሥቶ መጣ። አያት። «እትዬ» አለ፤ ያች አንዲት ቃል በቃችው። ከኋላው ሕፃኗን ያቀፈችው ሚስቱ ቆማለች።

«እትዬ ነው ያልከው?» አለችው። «በኩፍኝ የሞተችው ይቺ ናት?»

ጥላዬ መልሱን አልጠበቀችም። «የኔን ነገር በኋላ ትጣላላችሁ። የመጣሁት ለልጅቷ ነው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ፀሐይ አታሙቋት።»

ይሄን ጊዜ አማቲቱ ሙት መፍራቷን ረሳች። «ምን አልሽ? እኔ ስምንት ወልጄ ስምንቱንም ፀሐይ አሙቄ ነው ያሳደግኩት! አንድ እንኳ ልፍስፍስ የለባቸውም። ፀሐይ ያላየ ልጅ ጓዳ እንደ በቀለ ሽንኩርት ነው የሚሆነው!»

«እርስዎ ልክ ነዎት፣ እማማ። ለስምንቱም ልክ ነበሩ።»

«ታዲያ?»

«አልከራከርዎትም። ልጅቷን ገልጣችሁ እዩ።»

ሚስቲቱ ግራ ገብቷት የሕፃኗን ልብስ ፈታች። አምፖሉ ሥር አስጠጓት። ለካ ሁልጊዜ አንዱን ሲያዩ አንዱን ሸፍነው ኖሯል፤ ፀሐይ ሲያሞቋትም ብርድ እንዳያገኛት ፊቷንና እጆቿን ብቻ ይገልጡ ነበር። ሆዷና ጭኗ ትናንት የተወለደች ሕፃን ገላ ነበር፤ ለስላሳ፣ አንዲት ነጥብ የሌለበት። ፊቷና እጆቿ ግን የሌላ ሰው ነበሩ፤ የደረቁ፣ ነጠብጣብ የሞላባቸው፣ ዓመታት ያለፉባቸው። አንገቷ ላይ፣ የልብሱ ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ፣ ሁለቱ በቀጭን መስመር ተለያይተው ነበር። በአንዲት ሕፃን ገላ ላይ የአያት ፊት ተቀምጦ ሁሉንም እያፈራረቀ ያያቸዋል።

ጥላዬ ሻሿን ፈታች፤ ከተቆረጠው አፍንጫዋና ከተሰፋው ጉንጯ ጋር ፊቷን በብርሃኑ ውስጥ ከሕፃኗ ፊት አጠገብ አደረገች። ጓንቷን አውልቃም እጇን ከሕፃኗ እጅ አጠገብ አኖረች።

አማቲቱ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኛ» አለች ቀስ ብላ። «በእጄ እየቀባሁ በእጄ ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።»

«አይደሉም። እርስዎ አያውቁም። የማውቀው እኔ ነበርኩ።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ላገባ ነው ብለህ የመጣህ ዕለት አውቅ ነበር። ልነግርህ ነበር። ስላፈርክብኝ አኮረፍኩና ዋጥኩት።»

በማግስቱ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ቆዳ ሐኪሟ ወሰዷት። ደም ተልኮ ከወራት በኋላ መልስ መጣ፤ ባልም ሚስትም ተሸካሚዎች ነበሩ። ሲቆጠር የሁለቱም አያቶች ከአንድ መንደር ሆነው ተገኙ። መድኃኒት የለውም። የተሰበረውን የሚጠግን የለም። ገና ያልተሰበረውን ግን መጠበቅ ይቻላል።

የዚያ ቤት መስኮቶች በጥቁር ጨርቅ ተሸፈኑ። መጋረጃውን ሁሉ የሰፋችው አማቲቱ ናት። መንገደኛ ቀና ብሎ «እዚህ ቤት ሰው ሞቷል እንዴ?» ሲል እሷ ከደጅ ትመልሳለች፦ «አልሞተም! የእኔ የልጅ ልጅ የምትሞቀው ጨረቃ ነው፤ ምን አገባችሁ!» ጥላዬም ከእነሱ ጋር መኖር ጀመረች። ፀሐይ ስትጠልቅ አክስትና የወንድም ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ። ሻሻቸው አንድ ዓይነት፣ አረማመዳቸውም አንድ ዓይነት ነው። የማያውቃቸው ሰው አንዲቱን ከነጥላዋ ያየ ይመስለውና መንገድ ይለቃል።

ልጅቷ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከጉንጯ አንዲት ትንሽ ነገር ተቆርጣ ወጥታለች፤ ሌላ የለም። ከአክስትየዋ ግን እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ተቆርጧል፤ ግራ ዐይኗም አያይም።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታሉ በኮምፒውተር የሚሠራ የራጅ መሣሪያ አስገባ፤ ፊልም ማጠብ ቀረ። ገንዳዎቹ ወጥተው ጨለማው ክፍል መስኮት ተከፈተለት። በስንብቷ ዕለት ባለራጁ፣ አሁን ጡረተኛ ነው፣ ሊያያት መጥቶ ነበር። በሕይወትሽ ከሁሉ የበለጠ የከበደሽ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። የመለሰችለት ይህን ነው፦

«ጋሼ፣ ሰው የኔን ታሪክ ሲያወራ ወይ ጓዳውን ያወራል ወይ ፊቴን። እኔ የማስበው አራቱን ዓመት ነው። ሞታለች ሲሉኝ፣ እሺ ሙት ነኝ ብዬ ቁጭ አልኩ፤ ሙት ደግሞ የሚጠይቀው የለም፣ ደስ ይላል። እዚያ ተመችቶኝ ስቀመጥ ልጅቷ አሥር ወር ሙሉ ፀሐይ ስትሞቅ ኖረች። ፊቷ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አንዱም አይለቅም። ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ፤ እሱ አፍሮ ነው የዋሸው። የኔ ግን ኩራት ነው። ማኩረፍ ጊዜ ላለው ሰው ነው፣ ጋሼ። የሚያውቁት ነገር ሌላውን ሰው የሚያተርፍ ከሆነ፣ ቢያፍርብዎትም፣ ቀብሬሃለሁ ቢልዎትም፣ ሄደው በሩን ያንኳኩ። እኔ ዘግይቼ አንኳኳሁ። ግን አንኳኳሁ።»